ከአምስት ሺህ ስሞች አንዱ

በ2015 ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ አንድ የምርምር ጽሑፍ ወጣ። ርዝመቱ 33 ገጽ ነበር። ፊዚክሱ ዘጠኝ ገጽ ላይ አለቀ፤ የቀሩትን 24 ገጾች የሞላው የጸሐፊዎቹና የተቋሞቻቸው ስም ነው። ጸሐፊዎቹ 5,154 ናቸው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጽሑፉ የሚናገረው ሂግስ ቦዞን የተባለው ቅንጣት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ነው። ያንን አንድ ቁጥር ለማግኘት የአንድ ቀበሌ ነዋሪ የሚያህል ሰው ተሰልፏል።

ከእነዚያ ስሞች ብዙዎቹ ገና ያልተመረቁ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው። ስሞቹ የተደረደሩት በላቲን ፊደል ተራ እንጂ በድካም መጠን አይደለም። የእኛ አገር ልጅ ቢገባበት ደግሞ የሚሰለፈው በአባቱ ስም ነው፤ የራሱ ስም በአንዲት ፊደልና በነጥብ ይቀራል። አባቱ አበበ ከሆነ ከፊተኞቹ ጋር፣ ዘውዴ ከሆነ ከጭራዎቹ ጋር ይቆማል።

በይርጋጨፌ ወረዳ የምትገኘው ኮንጋ ስሟ ባሕር ማዶ ሳይቀር የታወቀ ነው፤ የታወቀው ግን በቡናዋ ነው። ከኮንጋ ወይም ከአካባቢዋ ተነስቶ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚማር ልጅ አንድ ቀን «ሦስተኛ ዲግሪዬን በቅንጣት ፊዚክስ መሥራት እፈልጋለሁ» ቢል፣ ቤተሰቡ «እሱ ደግሞ ምን ይሠራልሃል?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው የሚገባ ነው። ይህ ጽሑፍ ለልጁም ለቤተሰቡም ነው። በእኔ ግምት ሥራው የሚጠይቀው ትልቁ ነገር የራስን ቁጥር የመጠራጠር ልምድ ነው፤ ያንን ልምድ ደግሞ ከአገር ሳይወጡ መጀመር ይቻላል።

መጀመሪያ ግን ስለ ትምህርቱ ራሱ ትንሽ እንበል። የቅንጣት ፊዚክስ ጥያቄ ሕፃን የሚጠይቀው ዓይነት ነው፤ ነገር ሁሉ ከምን ተሠራ? የቡና ፍሬ ከሞለኪውሎች፣ ሞለኪውል ከአተሞች፣ አተም ከኒውክለስና በዙሪያው ካሉ ኤሌክትሮኖች ይሠራል። ኒውክለሱ ውስጥ ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች አሉ፤ እነርሱም ኳርክ ከሚባሉ ቅንጣቶች የተገነቡ ናቸው። እስከ ዛሬ በተደረሰበት ኳርክም ሆነ ኤሌክትሮን ከዚያ በታች ሲከፈል አልታየም። ኳርኮች ስድስት ዓይነት ናቸው፤ ከኤሌክትሮን ወገን ያሉትም ስድስት። ኃይልን የሚያስተላልፉት፣ የብርሃኑን ፎቶን ጨምሮ፣ ለብቻ ይቆጠራሉ። ሂግስ ደግሞ መሠረታዊ ቅንጣቶች ክብደት እንዲኖራቸው ከሚያደርገው መስክ ጋር የሚመጣ ቅንጣት ነው። ሐሳቡ በ1964 ወረቀት ላይ ሰፈረ፤ ቅንጣቱ መገኘቱ የተነገረው ጁላይ 4 ቀን 2012 ነው። በመካከሉ 48 ዓመት አለፈ። በማግስቱ ዓመት ፒተር ሂግስና ፍራንስዋ ኦንግሌር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ስታንዳርድ ሞዴል ይባላል። ልክነቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ጉድለቱም የዚያኑ ያህል ነው። ጋላክሲዎችን አያይዞ የያዘውን፣ ከምናውቀው ቁስ በአምስት እጥፍ ገደማ የሚበልጠውን ጨለማ ቁስ ምን እንደሆነ አይነግረንም። የዛሬው ተማሪ የተረከበው ይህንን ነው፤ ያለው ንድፈ ሐሳብ በተፈተነ ቁጥር ያልፋል፣ ግን ሙሉ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል።

ፈተናው የሚካሄድበት ዋናው ቦታ ሴርን ነው። በ1954 የተመሠረተ የአውሮፓ የምርምር ማዕከል ነው፤ ጄኔቫ አጠገብ፣ የስዊዘርላንድና የፈረንሳይ ድንበር ላይ። በአማካይ 100 ሜትር ከመሬት በታች 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ዋሻ አለው፤ ከዲላ ይርጋጨፌ ካለው መንገድ ያንሳል። በዋሻው ውስጥ ፕሮቶኖች በሁለት አቅጣጫ በሰከንድ ከ11,000 ጊዜ በላይ ይዞራሉ። መንገዳቸውን የሚያጣምሙት ትልልቅ ማግኔቶች ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛሉ። ከዚያ ፕሮቶኖቹ ይላተማሉ። ከግጭቱ የሚወጣው የፕሮቶኖቹ ስብርባሪ ብቻ አይደለም፤ የፍጥነታቸው ጉልበት ቀድሞ ወዳልነበረ ቁስ ይለወጣል። ሂግስም የተወለደው እንዲህ ነው፤ ወዲያውም ፈርሶ ወደ ሌሎች ቅንጣቶች ይለወጣል። የሚታየው ዱካው ብቻ ነው።

ዱካውን የሚመዘግቡት አትላስና ሲኤምኤስ የተባሉ ሁለት ግዙፍ መሣሪያዎች ናቸው። አትላስ 46 ሜትር ይረዝማል፣ 7,000 ቶን ይመዝናል፤ ሲኤምኤስ በርዝመቱ ግማሹን እንኳ አያህልም፣ ክብደቱ ግን እጥፍ ነው። በእያንዳንዳቸው መሐል የፕሮቶን መንጋዎች በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይተላለፋሉ። ይህን ሁሉ መዝግቦ ማስቀመጥ የሚችል ኮምፒውተር የለም። ስለዚህ ትሪገር የሚባል ሥርዓት በሰከንድ ጥቂት ሺዎቹን ብቻ ያስቀራል። ኮንጋ ውስጥ በማድረቂያ አልጋ ዳር ቆመው የተበላሸውን ፍሬ የሚለቅሙ ሴቶችን ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም፤ ልዩነቱ እነርሱ ጥቂቱን ጥለው ብዙውን ያስቀራሉ፣ ትሪገር ብዙውን ጥሎ ጥቂቱን ያስቀራል። የተጣለው ተመልሶ አይገኝም። ምን እንደሚጣል የሚወስነውን ደንብ ከሚጽፉትና ሌሊት ቁጭ ብለው ከሚፈትሹት መካከል ደግሞ ተማሪዎች አሉ።

ተማሪው ምን ይሠራል?

ዘመኑ እንደ አገሩ ይለያያል። በአውሮፓ ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ ይገባና ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይቆያል። በአሜሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ስለሚገባ አምስትና ስድስት ዓመት ይሄዳል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የኮርስና የማጣሪያ ፈተና ናቸው። ወላጆች የማያውቁት አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ሙያ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ይከፈለዋል። ክፍያው ሀብታም አያደርግም፣ ግን ያኖራል። «ይህን ያህል ሺህ ዶላር ክፈልና ግባ» የሚል ደብዳቤ ከመጣ መጠርጠር ነው።

ስም ዝርዝሩ ውስጥ መግባት በራሱ ፈተና አለው። አትላስን የተቀላቀለ ተማሪ ወዲያው ጸሐፊ አይባልም። በቅድሚያ ለማኅበሩ የሚጠቅም አንድ ሥራ ተሰጥቶት አንድ ዓመት ያህል ከሌላው ሥራው ጎን ለጎን ይሠራዋል። ምናልባት የአንድ መለኪያ ክፍል ንባብ ልክ መሆኑን መፈተሽ ይሆናል፤ ምናልባት ማንም የማያስታውሰው አንድ ፕሮግራም ማደስ። ያንን ሲያጠናቅቅ ስሙ ይገባል። ይህ ሥርዓት ደስ ይለኛል። ግኝቱን የሚያበስረው ሰው በቴሌቪዥን ይታያል፤ መሣሪያው ልክ እንዲያነብ ያደረገው ልጅ ግን አይታይም፣ ያለ እርሱ ደግሞ ግኝት የለም።

ከዚያ ፈረቃ አለ። መሣሪያው ሥራ ላይ በሆነበት ወቅት መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሌሊትም ቀንም ሰው አይለየውም። ተማሪውም ስምንት ስምንት ሰዓት እየተፈራረቀ በስክሪኖች ፊት ይቀመጣል። አብዛኛውን ሌሊት ምንም አይፈጠርም። የሆነ ቀን ግን አንድ ግራፍ ከለመደው ቅርጽ ፈቀቅ ይላል፤ ያኔ ስልክ አንስቶ የተኛ ባለሙያ መቀስቀስ የእርሱ ድርሻ ነው።

የቀረው ጊዜ በኮምፒውተር ፊት ያልፋል። «ፊዚክስ ልማር ሄጄ ፕሮግራመር ሆንኩ» የሚል ቅሬታ በዚህ ሙያ ውስጥ የተለመደ ነው። ቋንቋዎቹ ሲፕላስፕላስና ፓይተን ናቸው። መረጃውን የሚተነትኑበት ሩት የሚባለው ሶፍትዌር እዚያው ሴርን ውስጥ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሠራ ነው። መረጃው አንድ ኮምፒውተር ላይ ስለማይይዝ ሥራው ግሪድ ወደሚባል መረብ ይላካል፤ በ40 ገደማ አገሮች የሚገኙ 170 ያህል የኮምፒውተር ማዕከላት የተሳሰሩበት ነው። ተማሪው ማታ የላከውን ጠዋት ሲያይ ከፊሉ ወድቆ ይጠብቀዋል። የወደቀበትን ምክንያት ፈልጎ እንደገና ይልካል። ከዚያ ስብሰባ አለ፣ ከስብሰባው በኋላ ሌላ ስብሰባ፤ አንዱ ተሰብሳቢ ጃፓን፣ ሌላው ካሊፎርኒያ ስላለ ሰዓቱ ለማንም አይመችም።

ዋናው ሥራ ትንተና ነው። ተማሪው አንድ ጥያቄ ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ «ሂግስ ወደነዚህ ሁለት ቅንጣቶች ምን ያህል ጊዜ ይፈርሳል?» የሚል። የሚፈልገውን የሚመስሉ ነገር ግን ያልሆኑ ክስተቶች በብዛት አሉ። እነርሱን መለየት፣ መቁጠር፣ በኮምፒውተር ከተሠራ አምሳያ ጋር ማነጻጸር ይኖርበታል። ቁጥሩን ማግኘት ግን ሩቡ መንገድ ነው። «በምን ያህል ልሳሳት እችላለሁ?» የሚለው ነው ዓመታቱን የሚበላው። መለኪያው በሙቀት ምክንያት ንባቡ ቢዛባስ? አምሳያው ራሱ የተሠራበት ስሌት ጎደሎ ቢሆንስ? እያንዳንዷ «ቢሆንስ» ራሷን የቻለች ጥናት ናት።

በዚህ ላይ ሰው ራሱን የሚያታልልበትን በር የሚዘጋ አንድ ልማድ አለ። ተማሪው አዲስ ነገር ሊታይበት የሚችለውን የመረጃ ክፍል እንዳያየው ይሸፈንበታል። ዘዴውን ሁሉ በሌላው መረጃ ላይ ሠርቶ፣ አስገምግሞ፣ ካጸደቀ በኋላ ብቻ ሽፋኑ ይገለጣል። ውጤቱን አይቶ ዘዴውን ማስተካከል ክልክል ነው። ሁለት ዓመት የለፋበትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይበት ያ ቀን በሙያው ውስጥ ካሉት ቀኖች ሁሉ የሚያስፈራው ይመስለኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየውም አዲስ ነገር አለመኖሩ ነው። እርሱም ይታተማል፤ «እዚህ ፈልገናል፣ የለም» ማለት ለሚቀጥለው ፈላጊ መንገድ ያሳጥራል።

ግኝት ለመባል ደግሞ መስፈርቱ ጥብቅ ነው። አምስት ሲግማ ይባላል፤ ውጤቱ በአጋጣሚ ብቻ የመምጣት ዕድሉ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ገደማ ሲሆን ማለት ነው። ይህ ጥብቅነት ለምን እንዳስፈለገ በዲሴምበር 2015 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። አትላስና ሲኤምኤስ በየፊናቸው ግራፋቸው ላይ አንድ እብጠት አዩ፤ 750 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ወደ ሁለት ፎቶን የሚፈርስ አዲስ ቅንጣት ያለ የሚያስመስል። የሂግስን ስድስት እጥፍ ያህል የሚከብድ ይሆናል ማለት ነው። ሁለት መሣሪያ አንድ ቦታ ላይ ማየቱ የብዙውን ሰው ልብ ሰቀለ። ቲዎሪስቶቹ ምንነቱን ለማስረዳት በጥቂት ወራት ውስጥ 500 ያህል ጽሑፍ ጻፉ። መረጃውን የሚተነትኑት ወጣቶች እንቅልፍ አጥተው ከረሙ። በኦገስት 2016 ቺካጎ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ተጨማሪው መረጃ ቀረበ፤ እብጠቱ የለም። ማንም አላጭበረበረም፣ ማንም ስህተት አልሠራም። ብዙ ቦታ ከፈለጉ አንዱ ላይ አጋጣሚ ራሱ እብጠት ይሠራል። አምስት ሲግማ አለመድረሱን እያዩ «ግኝት» ያላሉት ሰዎች ልክ ነበሩ።

ከዚያ በፊት በ2011 ጣልያን ውስጥ ይሠራ የነበረው ኦፔራ የተባለ ሙከራ ኒውትሪኖ የተባሉ ቅንጣቶች ከብርሃን ቀድመው ደረሱ የሚል መለኪያ አግኝቶ ነበር። የቀደሙት በ60 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ምክንያቱ ተገኘ፤ አንድ የኦፕቲክ ፋይበር ገመድ በደንብ አልተሰካም። ይህን ታሪክ ለተማሪ የሚነግሩት አብዛኞቹ እየሳቁ ነው። እኔ ግን ገመዱን ፈልጎ ያገኘውና ለዓለም የተናገረው ያው ቡድን ራሱ መሆኑን ማስታወስ እወዳለሁ።

ሁሉም ሲያበቃ መመረቂያ ጽሑፉ ይቀራል፤ እርሱ የግል ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው አንድ ስም ብቻ ነው። በሺዎች በሚቆጠር ሰው መካከል የሠራውን የራሱን ድርሻ ነቅሶ፣ ዳኞች ፊት ቆሞ ያስረዳል። ድርሻው ስንት እንደሆነ በውጭ ያለ ሰው ከታተመው ጽሑፍ ሊያውቅ ስለማይችል የአማካሪው የምስክርነት ደብዳቤ ከፍተኛ ክብደት አለው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ የተቋሙን ስም ብቻ ሳይሆን አማካሪውን መርምሩ፤ ቀድመው የተመረቁት ተማሪዎቹ የት ደረሱ? ስንት ዓመት ቆዩ? ጽፋችሁ ብትጠይቋቸው ይመልሱላችኋል፤ ካልመለሱም እርሱ ራሱ መልስ ነው።

ስለ ኑሮው ብዙ የምለው የለም። ጄኔቫ ውድ ናት፤ ብዙ ተማሪ ድንበሩን ተሻግሮ ፈረንሳይ ውስጥ እንደ ሳን ዠኒ ፑዪ ባሉ ትናንሽ ከተሞች ይከራያል። ሐበሻም አይጠፋም። የሚከብደው ውጤት የሌለበት ወር በወር ላይ ሲደራረብ፣ ከአገር ቤት በስልክ «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ሲባል ነው። ከተመረቁ በኋላም ብዙዎቹ በሙያው አይቆዩም፤ ወደ ሶፍትዌር፣ ወደ ባንክ፣ ወደ ሕክምና መሣሪያ ይሄዳሉ። ይህን ከመጀመሪያው አውቆ መግባት ይሻላል።

ከዲላ ወደዚያ

ዲላ ዩኒቨርሲቲ በ1996 የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ተጀምሮ በ2006 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በሀገር ደረጃ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ራሱ ረጅም አይደለም፤ የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1950 ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በፊዚክስ ሦስተኛ ዲግሪ ይሰጣል፤ ጠንካራ ሆነው የቆዩት መስኮች ግን እንደ ስታቲስቲካል ፊዚክስና ኳንተም ኦፕቲክስ ያሉ ናቸው። ፍሥሓ ካሳሁን በኳንተም ኦፕቲክስ የጻፉት መማሪያ መጽሐፍ ከዚያ የወጣ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እነዚህ በወረቀት፣ በእርሳስና በመጠነኛ ኮምፒውተር ይሠራሉ። የቅንጣት ሙከራ ማሽን፣ የአባልነት መዋጮና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ከአዲስ አበባው ትምህርት ክፍል ሙሉጌታ በቀለን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረዋል፣ ተሠቃይተዋል፤ እስር ቤት ውስጥም እስረኞችን ያስተምሩ ነበር። ሦስተኛ ዲግሪያቸውን የሠሩት ከዚያ ሁሉ በኋላ በሕንድ፣ ባንጋሎር ነው። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በ2012 በአንድሬ ሳካሮቭ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። መስካቸው ቅንጣት ፊዚክስ አይደለም። «ዕድሜዬ አለፈ» ለሚል ተማሪ ግን ከእርሳቸው የተሻለ መልስ አላውቅም።

ወደ ቅንጣት ፊዚክስ የሚወስደውን በር ለታዳጊ አገሮች ያሰፋው ሰው ፓኪስታናዊው አብዱስ ሳላም ነው። ከካምብሪጅ ተምሮ በ1951 ላሆር ተመለሰ። እዚያ የሚያወያየው ሰው አልነበረም፤ መጽሔትም በጊዜው አይደርሰውም። በ1954 ወይ አገሩን ወይ ፊዚክሱን መተው ግድ ሆኖበት ወደ ካምብሪጅ ተመለሰ። ሌላው እንዲህ እንዳይሆን ብሎ በ1964 ጣልያን ውስጥ ትሪየስት ላይ ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል አቋቋመ። በ1979 የኖቤል ተሸላሚ ሆነ። የማዕከሉ አንዱ ሐሳብ በጣም ተግባራዊ ነው፤ አገሩ ላይ የሚያስተምር ተመራማሪ ሥራውን ሳይለቅ በየተወሰነ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት መጥቶ እንዲሠራና እንዲመለስ ወጪውን ይሸፍናል።

ለተማሪው ከዚህ የሚቀርበው የማዕከሉ የዲፕሎማ ፕሮግራም ነው። ከ1991 ጀምሮ የሚሰጥ፣ የአንድ ዓመት፣ ጉዞና ኑሮው የሚሸፈን ትምህርት ነው፤ ከክፍሎቹ አንዱ በቀጥታ የቅንጣት ፊዚክስና የኮስሞሎጂ ነው። ብዙ ተማሪ ከዚያ ወጥቶ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ሦስተኛ ዲግሪ ያልፋል። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ኪጋሊ ላይ የዚሁ ማዕከል የምሥራቅ አፍሪካ አጋር ተቋም ተከፍቷል፤ ሁለተኛ ዲግሪ የሚያስተምር፣ ለእኛ በአውሮፕላን ቅርብ የሆነ።

የአፍሪካ የመሠረታዊ ፊዚክስ ትምህርት ቤትም አለ። ከመሥራቾቹ አንዱ በአትላስ ውስጥ ረጅም ዘመን የሠራው ቶጓዊው ኬቴቪ አሳማጋን ነው። በ2010 ደቡብ አፍሪካ ላይ ተጀመረ፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ጋና፣ ሴኔጋል፣ ሩዋንዳ፣ ናሚቢያ እያለ ዞረ፤ በ2024 ሞሮኮ ነበር። ለጥቂት ሳምንታት ከመላው አህጉር የተመረጡ ተማሪዎች ይሰባሰባሉ። ጥቅሙ ትምህርቱ ብቻ አይደለም፤ የምስክርነት ደብዳቤ የሚጽፍልህን ሰው የምታገኘው እዚያ ነው። ደቡብ አፍሪካና ሞሮኮ በአትላስ፣ ግብፅ በሲኤምኤስ ውስጥ የሚሠሩ ተቋማት ስላሏቸው አውሮፓ ሳይደርሱ ወደ ሙከራው የሚገባበት መንገድም አለ።

መሰናክሉን መደበቅ አይገባም። መብራት ይጠፋል፤ ኢንተርኔት ይቆራረጣል። አስተማሪ ሆኖ የተቀጠረ ሰው ለትምህርት ሲሄድ ተመልሶ የሚያገለግልበትን ውል ይፈርማል፤ ተገቢ ነው፣ ግን ሲመለስ የሚጠብቀው የማስተማር ጫና ምርምሩን ያንቀዋል። ቪዛ የሚከለከል አለ፤ ጉባኤ የተጋበዘበት ቀን ካለፈ በኋላ ቪዛው የሚመጣለትም አለ። አትላስ በ2024 ለማንም ተመራማሪ የከፈተው መረጃ 65 ቴራባይት ነው፤ ይህን በዲላ መስመር ማውረድ ማሰብ አይቻልም። ደግነቱ ለማስተማሪያ የተዘጋጁ ትንንሽ የመረጃ ስብስቦች አሉ፤ አንድ ላፕቶፕና ጥቂት ሌሊት ይበቃቸዋል። በሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ እነርሱን ይዞ ፓይተን ቢጀምር፣ የስታቲስቲክስ ኮርሱንም «ማለፊያ ይበቃል» ብሎ ባይዘልለው፣ ኳንተም ፊልድ ቲዎሪን ከአሁኑ ለመጨበጥ ከሚታገለው ጓደኛው ይቀድማል። ይህ የእኔ ብያኔ ነው፤ ቲዎሪስቶች ይቆጡኝ ይሆናል።

አስመራ፣ 1933

ማሽን የሌለው ሰው ከሰማይ ይጠብቃል። በህዋ ውስጥ የሚሮጡ ፕሮቶኖች ከከባቢ አየር ጋር ሲላተሙ ሚዩኦን የሚባሉ ቅንጣቶች ይወለዳሉ፤ የኤሌክትሮን ከባድ ዘመዶች ናቸው። በባሕር ወለል ደረጃ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ በደቂቃ አንድ ያህል ይወርዳል። ከፍ ባልን ቁጥር ይበዛል። ይህን ገጽ በያዘው እጅ ውስጥ አሁን እያለፉ ነው።

ይህን የሰማይ ዝናብ ለማጥናት የተደረገ አንድ ትልቅ ሙከራ የተካሄደው በእኛው የአፍሪካ ቀንድ ውስጥ ነው። ብሩኖ ሮሲ የተባለ የ28 ዓመት ጣልያናዊ በ1933 መሣሪያውን ይዞ በጣልያን ቅኝ ግዛት ሥር ወደነበረችው አስመራ መጣ፤ ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ሊወር ሁለት ዓመት ሲቀረው። አስመራን የመረጠው ወደ መግነጢሳዊው ወገብ ስለቀረበችና 2,370 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ነው። የመሬት መግነጢስ የሚመጡትን ቅንጣቶች ያጣምማል፤ ከምሥራቅና ከምዕራብ የሚመጡት ብዛታቸው ከተለያየ ኤሌክትሪካዊ ምልክታቸው ይታወቃል። ሮሲ ከምዕራብ የሚመጡት እንደሚበዙ አገኘ፤ ስለዚህ ዋነኞቹ አዎንታዊ ናቸው። ግን ተቀድሞ ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ያንኑ ከለኩት አንዱ በአንድ ሆቴል ጣሪያ ላይ መሣሪያውን ያቆመ የቺካጎ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ሉዊስ አልቫሬዝ ነው፤ ኋላ በ1968 ኖቤል የተሸለመው። ሮሲ በአስመራ ሌላ ነገርም አስተዋለ፤ ተራርቀው የተቀመጡ መቁጠሪያዎች አንዳንዴ አብረው ይመታሉ፣ ብዙ ቅንጣት አንድ ላይ እንደሚዘንብ። ጠቅሶት አለፈ። ይህን በስፋት ያጠናውና ስሙ የተያያዘበት ከዓመታት በኋላ ፈረንሳዊው ፒየር ኦዤ ነው።

ሮሲ የተጠቀመበት ዘዴ ቀላል ነው። ሁለት መቁጠሪያ አንዱን ካንዱ በላይ ታስቀምጣለህ፤ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ከመቱ አንድ ቅንጣት ሁለቱንም አልፏል፣ ካልሆነ የተለመደ ግርግር ነው ብለህ ትተወዋለህ። ዛሬ እንዲህ ያለ አንድ መቁጠሪያ በመቶ ዶላር ገደማ መሥራት ይቻላል፤ ኮስሚክዎች የተባለውን የጠረጴዛ ላይ የሚዩኦን መቁጠሪያ በአሜሪካው ኤምአይቲ ያዳበረው ስፔንሰር አክሳኒ ያኔ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበር፤ አሠራሩም ለሁሉም ክፍት ነው። ዶላሩና ጉምሩኩ ለአንድ ተማሪ ቢከብዱም ለአንድ ትምህርት ክፍል አይከብዱም።

ዲላና ይርጋጨፌ የሚገኙበት የጌዴኦ ዞን ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ከአባያ ሐይቅ አቅራቢያ ተነስቶ ዲላንና ይርጋጨፌን ይዞ እስከ ቡሌ ደጋ ድረስ በአጭር መንገድ ከፍታው እጅግ ይለዋወጣል። ሁለት መቁጠሪያ ይዞ በየቦታው አንድ ቀንና ሌሊት የሚቆጥር የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ መቶ ምት ብቻ ከቆጠረ ስህተቱ ከመቶ አሥር፣ 10,000 ከቆጠረ ከመቶ አንድ መሆኑን በራሱ ደብተር ላይ ያየዋል። ከፍታው የሚያመጣው ለውጥ ከዚያ ስህተት በላይ መሆን አለመሆኑን ይጠየቃል። የአየር ግፊት፣ የቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ወይም ኮንክሪት መሆኑ፣ ባትሪው መድከሙ፣ ሁሉም የየራሳቸው «ቢሆንስ» አላቸው። ለመጨረሻ የሚቆጠርበትን ቦታ፣ ኮንጋን እንበል፣ ቁጥሩን ጓደኛው ደብቆ ይያዝለት። ተማሪው ከሌሎቹ ቦታዎች ተነስቶ ኮንጋ ላይ ስንት መምጣት እንዳለበት ያሰላል፤ ግምቱንና የስህተቱን ልክ በእስክሪብቶ ጽፎ፣ ቀን አስቀምጦ፣ አማካሪውን ያስፈርማል። ከዚያ በኋላ ነው ጓደኛው ወረቀቱን የሚገልጠው።